የዕለት እንጀራ በፍሪጅ ዘመን

ከላሊበላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሁለት እርስ በርስ የሚሟገቱ ነገሮችን ይዟል። ከሕንጻው ጀርባ፣ ዋሻው ጠለቅ በሚልበት በኩል፣ የብዙ ሰዎች አስከሬን ቆዳው ደርቆ ለዘመናት ተቀምጧል። የቦታው ትውፊት ደግሞ ካህኑ ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ሲቀድስ ኅብስቱና ወይኑ ከሰማይ ይወርድለት ነበር ይላል፤ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ይህንኑ ሰምቶ ጽፏል። አንዱ ሳይበሰብስ የቆየ፣ ሌላው ማደር የማያስፈልገው።

ሙግቱ ዛሬ ከተሜው ቤት ገብቷል። ድሮ ቅበላ ማለት ከ55ቱ የሁዳዴ ቀናት በፊት የፍስኩን ምግብ በልቶና አብልቶ መጨረስ ነበር። ቋንጣ ካልሆነ በቀር ሥጋው የት ይቀመጣል? ፍሪዘር ሲመጣ መልስ ተገኘ፤ የቅበላው ሥጋ በረዶ ለብሶ ፋሲካን ይጠብቃል። ባለቤቱ ይጾማል፣ ሥጋውም አብሮት ይጾማል። (አልፎ አልፎ ከፍቶ የሚያየው አይጠፋም።)

ነውር ነው ለማለት ግን መቸኮል አይገባም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 ለነገ ያደረው መና ተልቶ ሸተተ። እዚያው ምዕራፍ ላይ ግን የዓርቡ ለሰንበት ሲያድር አልተበላሸም፤ አንድ ጎሞርም ለትውልድ እንዲጠበቅ ታዘዘ። ዮሴፍም በግብፅ የሰባቱን የጥጋብ ዓመታት እህል ያከማቸው ለሰባቱ የረሃብ ዓመታት ነው። እንግዲያው ጥያቄው ለማን ተቀመጠ የሚለው ነው።

በ2ኛው መቶ ዘመን ሮም ውስጥ የተጻፈው የሄርማስ «እረኛ» መልስ አለው። የግእዙን ትርጉም ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ19ኛው መቶ ዘመን ጉንዳ ጉንዶ ገዳም አግኝቶ አሳትሞታል። መጽሐፉ ጿሚው ያን ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፣ ለሙት ልጅና ለችግረኛ እንዲሰጥ ያዛል። በዚህ ስሌት ፍሪዘር ውስጥ ፋሲካን የሚጠብቅ ሥጋ ሒሳቡ አልተዘጋም።

ደግነቱ ፍሪጁም ባዶ መሆን ይፈልጋል። የፍሪዘሩ በረዶ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ሞተሩ ይለፋል፣ የመብራት ሒሳብም ይጨምራል። ያኔ ምግቡን አውጥቶ ሶኬቱን መንቀል፣ ሙቅ ውኃ በጎድጓዳ ሳህን ውስጡ አስቀምጦ በሩን ክፍት መተው ነው። በቢላ መፈቅፈቅ ግን ቧንቧውን ይበሳል፤ ጋዙ ከወጣ ጥገናው ውድ ነው። የበሩን ጎማ ለመፈተሽ የብር ኖት በበሩ መካከል አስገብቶ መዝጋት ይበቃል፦ ኖቱ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ቅዝቃዜውም እየወጣ ነው። ጎማውን በለብታ ውኃና በሳሙና ማጠብ ብዙ ጊዜ ይበጃል፤ ካልሆነ ይቀየራል።

መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ ፍሪጁ 4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላው እስከ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ በላይ ማንም ዋስ አይሆንም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ላሊበላ ሲደርስ መብራት ለወራት ጠፋ፤ ፍሪጁ ቁም ሣጥን ሆነ። ቋንጣ፣ ድርቆሽና የተነጠረ ቅቤ ግን መብራት አይጠይቁም።

ስለዚህ የዘንድሮው ቅበላ ሲደርስ ፍሪዘሩን ይክፈቱት። ደህናውን ሥጋ ከጾሙ በፊት ቀቅለው ለጎረቤትና በደጀ ሰላም ለተቀመጡት ነዳያን ያድርሱ፤ በረዶውን አቅልጠው ውስጡን ይጠቡ። መቼ እንደገባ የማይታወቀውን ግን ለሰው አይስጡ፤ ይጣሉት።