ነሐሴ 13ን ከሌላው ቀን ምን ይለየዋል?

ክረምት በአገራችን በምዕራብ ጎጃም ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጧት ጉም፣ ከቀትር በኋላ ዝናብ፣ ማታ ጭቃ። ታዲያ ነሐሴ 12 እና ነሐሴ 13 በዝናቡም በጭቃውም አንድ ሆነው ሳለ አንዱን ተራ ቀን፣ ሌላውን በዓል የሚያሰኘው ምንድን ነው? በዚህ ጥያቄ እርስ በርሳችን ብዙ ተከራክረናል።

አንዳንዶቻችን ቀንን የሚለየው በዕለቱ የተፈጸመው ነገር ነው እንላለን። ለፍኖተ ሰላም ሰው ነሐሴ 7 ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ነሐሴ 6 አይደለም። በዚያች ዕለት በከተማችን በደረሰው ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ተነግሯል፤ ስድስት ቀን ቆይቶ ቡሄ ነበር። ያችን ቀን ለማስታወስ የግድግዳ መቁጠሪያ የሚሻ ሰው የለም። ነሐሴ 13ም በተፈጸመበት ነገር ይታወሳል። ጌታ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራ ወጥቶ ብርሃነ መለኮቱን ገለጠ፤ ሙሴና ኤልያስም ታዩ። ቤተ ክርስቲያናችን ደብረ ታቦርን ከዘጠኙ ዐበይት የጌታ በዓላት አንዱ አድርጋ የምታከብረው ስለዚህ ነው።

ይህ እውነት ነው፤ የሚበቃ ግን አልመሰለንም። ያሳሰበን ሙልሙሉ ነው። ማቴዎስ 17ን፣ ማርቆስ 9ን፣ ሉቃስ 9ን ብናነብ ዳቦም እረኛም አናገኝም። በቃል የደረሰን ትውፊት ግን ከብርሃኑ የተነሣ መምሸቱን ያላወቁ እረኞች በሜዳ እንደ ቀሩ፣ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው እንደ ወጡ ይነግረናል። ችቦውና ሙልሙሉ የመጡት ከዚህ ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ በትውፊቱ ዳቦው ነው ወደ ልጁ የሄደው። ዛሬ ግን ልጁ ነው ሆያ ሆዬ እያለ ወደ ዳቦው የሚመጣው። መምጣት የማይችለውስ?

በበጋ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ከብቱ በቃርሚያው ላይ ይለቀቃል፤ እረኛውም ትንሽ ይተነፍሳል። በክረምት ግን ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በመንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎው፣ ጤፉ፣ በርበሬው መሬቱን ይዞታል፤ ለግጦሽ የሚተርፈው ረግረጉና የማሳው ዳርቻ ነው። አንዲት ጊደር ከሰው እህል ከገባች ጠብ ነው። ስለዚህ ለከብት ጥበቃ የደረሰ ልጅ የሌለው ገበሬ የሌላውን ልጅ ይቀጥራል። ያ ልጅ ገሳውን ደርቦ ቀኑን ሙሉ በሜዳ ይውላል። ጅራፍ ማጮኽን ከማንም ይበልጥ የሚያውቅበት እርሱ ነው፤ ሙልሙል የምትጋግርለት እናቱ ግን ሩቅ ናት።

ባለፈው ዓመት ለቡሄ አራት ሆነን ከከተማ ወጣ ወዳለ መንደር ሄድን። ልጁን ለግማሽ ቀን እንዲለቁልን አሳዳሪውን ስንለምናቸው «ልጆቼ፣ ከብት በዓል አያውቅም» አሉን። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያሉትም እውነት ነው። እኛ እንጠብቅ ብንላቸው ከራስ እስከ እግራችን አይተውን ሳቁ፤ ፈቀዱም። ልጁ ጅራፉን ይዞ ከመንደሩ ልጆች ጋር ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ዳለቻይቱ ላም ከጎረቤት በቆሎ ውስጥ ገባች። እኛ በጭቃው ስንወድቅ ስንነሣ፣ ልጁ ከማዶ አይቶን ኖሮ ሙልሙሉን በብብቱ እንደ ያዘ ሮጦ መጥቶ መለሳት። «እናንተ እኮ ከብት አታውቁም» አለንና ከሙልሙሉ ቆርሶ ሰጠን። ጾመ ፍልሰታ ስለሆነና ሰዓቱም ስላልደረሰ በነጠላችን ጫፍ ቋጥረን ያዝነው። እርሱም ዳግመኛ ወደ ጨዋታው አልተመለሰም።

ይህን ለጓደኞቻችን ስናወራ አንድ ወንድማችን በብርቱ ተቃወመን። «በበዓል ቀን ከብት ስትጠብቁ ውላችሁ በዓሉን አከበርን ትላላችሁን? ዕለቱን የለየው የጌታ ብርሃን እንጂ የእናንተ እረኝነት አይደለም» አለን። ብርሃኑ በእኛ ሥራ እንደማይጨምርና እንደማይጎድል እናምናለን። ሆኖም ጴጥሮስ ሦስት ዳስ ሠርቶ በዚያ መኖርን በወደደ ጊዜ ጌታ በተራራው አልቀረም፤ ይዟቸው ወረደ። ከተራራው በታች ልጁ የታመመበት አባት ይጠብቅ ነበር። ወንጌላውያኑ ሦስቱም ይህን ከብርሃኑ ታሪክ አስከትለው ነው የጻፉት። ስለዚህ በእኛ አሳብ ያ ቀን ተራራውም ከተራራው በታች ያለውም ነው። በችቦና በዝማሬ ውለን በሜዳ የቀረውን ልጅ ሳናስብ ከመሸ፣ ብርሃኑን አየን እንጂ ከጌታ ጋር አልወረድንም።

ወንድማችን ግን ሌላም ነገር ጠየቀን፤ ለዚህኛው መልስ አላገኘንም። «ነሐሴ 14ስ?» አለን። ልጁ በማግሥቱ ያው ከከብቶቹ ጋር ነው፤ በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈትም እኩዮቹ ደብተር ይዘው በሜዳው ዳር ሲያልፉ ያያቸዋል። የግማሽ ቀን እረኝነታችን ይህን አልለወጠውም። እንዲያውም ከአሳዳሪው ጋር ስለ ትምህርቱ መነጋገር ሲገባን ስለ ሙልሙል ብቻ ተነጋግረን መመለሳችን ያሳፍረናል። ዘንድሮ ስንሄድ ከታላላቆቻችን አንድ ሰው ይዘን ልንሄድ አስበናል፤ የእኛን ቃል እንደ ልጅ ጨዋታ ቆጥረው እንዳይስቁ።

ሙልሙሉን የሚጋግሩልን እናቶች ኮባውን አስቀድመው ለማዘጋጀት «ስንት ይሁን?» እያሉ ይጠይቁናል። እኛም በዙሪያችን ያሉትን ቅጥር እረኞች ገና ቆጥረን አልጨረስንም።