ለሕፃን በእጅ ስለሚሰፋ ስጦታ

ሕፃን በተወለደ ጊዜ ዘመድና ጎረቤት ባዶ እጁን አይመጣም። አንዱ ከገበያ የገዛውን ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል፤ ሌላዋ ደግሞ ወራት ሙሉ በመርፌና በክር ስትደክምበት የቆየችውን ታመጣለች። ሕፃኑ ግን ሁለቱን አይለይም። ማን እንደ ሰፋው አያውቅም፤ አያመሰግንምም፤ የሁለቱም ሙቀት ለእርሱ እኩል ነው። እንግዲህ የዚያች ሴት ድካም ለማን ነው? ከንቱ ነውን? ወይስ የተገዛው ስጦታ የማይሸከመው አንድ ነገር በውስጡ አለ? ይህን ጥያቄ አብረን እንመርምር።

አስቀድመን ነገሩን ራሱን እንመልከት። አሜሪካኖች ኩዊልት የሚሉት ልብስ ከሦስት ንብርብር ይሠራል። ከላይ በልዩ ልዩ ቅርጽ ተቆራርጦ የተገጣጠመ ጨርቅ፣ በመካከል ባዘቶ፣ ከታች ደግሞ ገበር ይሆናል። ባዘቶው ወዲያና ወዲህ እንዳይሸሽ ሦስቱ በአንድነት በጥቃቅን ስፌት ይያያዛሉ። በእኛ ቋንቋ ለዚህ የሚቀርበው ቃል ድሪቶ ነው። ነገር ግን ድሪቶ ስንል የድኻ ልብስ ማለታችን ነው፤ ሰው ያፍርበታል እንጂ ለወዳጁ ስጦታ አያደርገውም።

በዚያ አገርም ቢሆን ብዙው የተሰፋው በችግር ምክንያት ነበር። በአላባማ፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ስፍራ፣ ጂስ ቤንድ የሚባል መንደር አለ። በዚያ የሚኖሩት በጥጥ እርሻ ላይ በባርነት ይሠሩ የነበሩ ጥቁር ሕዝቦች ዘሮች ናቸው። ሴቶቹ ያለቀውን የሥራ ልብስ እየቆራረጡ ቤተ ሰቦቻቸውን ከብርድ ለመጠበቅ ይሰፉ ነበር። ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1942 ባሏ በሞተባት ጊዜ የሥራ ልብሱን ቆራርጣ፣ እርሱን እያሰበች የምትለብሰው አንድ ኩዊልት ሰፋች። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ የዚህ መንደር ሴቶች ሥራ በሂዩስተን ከተማ በሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ለሕዝብ ታየ፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ በቴምብር ላይ አተመው። የጥበብ ሰዎች ቆመው ያደነቁት ይህ ሥራ አስቀድሞ የተሰፋው ብርድ ለሚያንቀጠቅጠው ገላ ነበር።

በቻይና ደግሞ ሌላ አሮጌ ልማድ አለ። ልጅ ሲወለድ ቤተ ሰቡ ከ100 ቤት ቁራጭ ጨርቅ ይሰበስብና አንድ ልብስ ይሰፋለታል፤ ስሙም የመቶ ቤት ልብስ ይባላል። የብዙ ሰዎች መልካም ምኞት ልጁን ከክፉ ይጠብቀዋል ብለው ያምኑ ነበርና። እኛ ጨርቅ ከክፉ ያድናል ብለን አናስተምርም። ሆኖም በዚህ ልማድ ውስጥ አንድ እውነት አለ፤ ይኸውም ሕፃን ለአባትና ለእናቱ ብቻ አለመወለዱ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ እያንዳንዱ ቤት አንዲት ቁራጭ ሲያዋጣ ልጁ በብዙዎች ተጠብቆ የመጣ መሆኑ ይታወቃል።

ከዚህ በመነሣት ለጥያቄያችን የመጀመሪያውን መልስ እናገኛለን። ሕፃን ገና ምንም አልሠራም። ማንንም አልረዳም፤ ማንንም አላስደሰተም፤ ስሙ እንኳ አልወጣ ይሆናል። አንዲት ሴት ግን እርሱ ሳይወለድ ተቀምጣ ትሰፋለች። ይህ ስጦታ ደመወዝ አይደለም፤ ብድርም መመለሻ አይደለም። እኛ ጸጋ ብለን ስለምንጠራው ነገር በዕለት ኑሯችን ከምናያቸው ምሳሌዎች አንዱ ይህ ነው። ሕፃኑ አያውቀውም፤ እናቱ ግን ታውቀዋለች። ልጄ ገና ሳይታይ ተወድዶ ነበር ብላ ልትነግረው ትችላለች።

ነገር ግን ሁለት ነገሮች ይከራከሩናል። የመጀመሪያው፣ በእጅ የተሠራ ሁሉ ከተገዛው ይበልጣልን? የሚል ነው። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስትሸከም የዋለች ሴት መርፌ የምትይዝበት ጊዜ የላትም። በቀን ሙያዋ ርካሽ ብርድ ልብስ ገዝታ ብታመጣ፣ እርስዋም የድካሟን ሰዓት ሰጥታለች። ያም ብርድ ልብስ ቢሆን በፋብሪካ የምትደክም አንዲት የማናውቃት ሴት እጅ ነክቶታል። ስለዚህ የስጦታው ክብር በመርፌው አይደለም። ሰጪው ከኑሮው ከፍሎ በሰጠው ጊዜና ስለ ተቀባዩ ባሰበው አሳብ ነው። በእጅ መስፋት ይህን በዓይን እንዲታይ ያደርገዋል እንጂ ብቻውን አይይዘውም።

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ የበረታ ነው። ብዙ የደከምንበት ስጦታ ተቀባዩን ሊያስር ይችላል። ያን የሰፋሁትን ለምን አላለበስሽውም? የት ጣልሽው? እያልን ብንጠይቅ፣ ስጦታው ዕዳ ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 በተመሠረተው በሉተራን ወርልድ ሪሊፍ በኩል በአሜሪካ ያሉ የጉባኤ ሴቶች ለማያውቁት ሰው ኩዊልት እየሰፉ ወደ ሩቅ አገር ይልካሉ። የለበሰውን ሰው ፊት አያዩም፤ አደረሰኝ የሚል ደብዳቤም አይጠብቁም። በጎረቤታችን ላለ ሕፃን ስንሰፋም እንዲህ ያለ ልብ ያስፈልገናል።

ፍቅራችን ለልጁ ነው ወይስ ለሥራችን? ይህን የሚፈትን አንድ ነገር በዘመናችን መጥቷል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሕፃን በጀርባው እንዲተኛ ይመክራል፤ ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስም ልቅ ብርድ ልብስ፣ ኩዊልትና ትራስ በመኝታው እንዳይገቡ ያስተምራል፤ አፍና አፍንጫውን ሸፍነው ሊያፍኑት ይችላሉና። በጀርባ የማስተኛት ትምህርት ከተስፋፋ ወዲህ በዚያ አገር በእንቅልፍ ላይ ሳሉ በድንገት የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ብርድ በሚበረታበት ደጋ አገራችንም ቢሆን የሕፃኑ ፊት እንዳይሸፈን መጠንቀቅ ይገባናል።

እንግዲህ ሦስት ወር የሰፋች አያት ይህን ስትሰማ ምን ትላለች? ሥራዋን የምትወድ ከሆነች፣ እኛ ስንቱን ልጅ በዚህ አሳድገናል ብላ ትቆጣለች። ልጁን የምትወድ ከሆነች ግን እንዲህ ትላለች፤ ልጄ፣ ዓይንሽ በላዩ ሳለ መሬት ላይ አንጥፈሽ አጫውቺው፤ ሲተኛ ግን አንሺው፤ ዓመት ሲሞላው ይለብሰዋል። ደግሞም ሕፃን ቦጭቆ የሚውጠውን ቁልፍና ዶቃ አትሰፋበትም፤ ጣቱን የሚጠመጥም ረጅም ክር አትተውበትም፤ ቀለሙ እንዳይለቅና እንዳይሸበሸብ ጨርቁን አስቀድማ ታጥባለች። ውበት ቢጎድልበትም ግድ የላትም።

ይህን የሚያስተምረን ሥራ በመጽሐፍ ቅዱስም አለ። ሐና ለእግዚአብሔር ለሰጠችው ልጅ ለሳሙኤል በየዓመቱ ትንሽ ልብስ እየሠራች ትወስድለት ነበር። በየዓመቱ መሆኑን ልብ እንበል። ልጁ ያድጋልና የአምናው ልክ ለዘንድሮ አይሆንም። በየጊዜው ቁመቱን በልቧ መለካት ነበረባት። ዶርቃም በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት ከእነርሱ ጋር ሳለች የሠራችላቸውን ልብስ ነበር።

ወዳጆች ሆይ፤ መርፌ የምታውቁ ስፉ፤ የማታውቁ ሌላ ነገር ከጊዜያችሁ ከፍላችሁ ስጡ፤ ለወለደች ሴት ውኃ መቅዳትና እንጨት መፍለጥም ስጦታ ነው። የሰጣችሁትን ግን አትከተሉት። ልጁ ቢያቆሽሸው፣ ቢጎትተው፣ ጠርዙን ቢያኝከው ደስ ይበላችሁ፤ ለዚህ ተሰጥቶታልና። በሣጥን ተቆልፎ አዲስ እንደ ሆነ ከሚቀር፣ በልጅ ገላ ላይ አልቆ ቢጣል ይሻላል።