የተዘጋ መሣሪያና የባለቤቱ ኃላፊነት

ስለ ሞተር ብስክሌት ጥገና በኪነ ጥበብ መጽሔት ላይ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ከቦታው የወጣ ነገር ሊመስለው ይችላል። ዘይት የነካው እጅና ብዕር የያዘው እጅ ዘመድ አይደሉም የሚለው አስተሳሰብ በአገራችን ሥር የሰደደ ነው። ማረሻውን የሚያወጣለትን ሰው «ቀጥቃጭ» እያለ ሲንቅ፣ የሚለብሰውን የሚሠራለትን «ሸማኔ» እያለ ሲያንኳስስ የኖረ ኅብረተሰብ ነን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ቢደርሱም፣ አዋጁ ንቀቱን ከነሥሩ ነቅሎ አልጣለውም። «ብሎን መፍታትም የፍልስፍና ጉዳይ ሆነና?» ለሚል ጠያቂ መልሴ አጭር ነው። ሰው ስለ ኃላፊነት አጥብቆ የሚያስበው ኃላፊነቱን ለመወጣት ፈልጎ መንገዱ ሲዘጋበት ነው። ዘመናዊው ሞተር ብስክሌት ደግሞ ይህን መዘጋት በግልጽ ከሚያሳዩን ዕቃዎች አንዱ ነው።

አንድ ሰው በዕረፍት ቀኑ ካንዴላ ለመለወጥ ተነሣ እንበል። በቀድሞው ሞተር ብስክሌት ካንዴላው ከሲሊንደሩ ራስ ላይ ወጥቶ ይታያል፤ ቆቡን ነቅሎ፣ በአንድ መፍቻ ፈትቶ፣ አዲሱን በጣቱ አስገብቶ ማጥበቅ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። በዛሬው ባለ ብዙ ሲሊንደር ሞተር ብስክሌት ግን ሰውየው ካንዴላውን ገና ሳያይ መቀመጫውን ያነሣል፤ የጎን መሸፈኛ ፕላስቲኮቹን ይፈታል፤ የነዳጅ ታንኩን ከነቧንቧውና ከነሽቦው ያላቅቃል፤ ከታንኩ ሥር የተጋደመውን የአየር ማጣሪያ ሣጥን ያወጣል። ከፕላስቲኮቹ ጀርባ ያሉት ቀጫጭን ምላሶች በፀሐይ ደርቀዋልና አንዷ «ቀጭ» ካለች ሽፋኑ ከዚያ በኋላ መንገድ ለመንገድ ሲንቀጫቀጭ ይኖራል። የሩብ ሰዓቱ ሥራ እኩለ ቀኑን ይበላል። ከመቀመጫው ሥር ቀድሞ ተጠቅልሎ ይገኝ የነበረው የመፍቻ ከረጢትም በብዙዎቹ ላይ ሳስቶ ሳስቶ አንድ ሁለት ቁልፍ ብቻ ቀርቶበታል።

ከዚህ የሚመጣውን ብስጭት ብዙ ሰው የትዕግሥት ማነስ ያደርገዋል። እኔ ግን ነገሩን ሁሉ በአንድ ስም ጠርቶ ማለፍ መሸፋፈን ይመስለኛል። ከሞተር ብስክሌት ጎን ተንበርክኮ የሚያጉረመርም ሰው የሚጋጨው ቢያንስ ከሦስት ዓይነት እንቢታ ጋር ነው፤ ሦስቱም ለግብረገብ የሚሰጡት ትርጉም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው የቁሱ እንቢታ ነው። ጭቃና ዝናብ የበላው ብሎን አልፈታ ይላል። የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ብረት፣ የሚገባበት ቀዳዳ ግን አሉሚኒየም በመሆኑ ከልክ በላይ ያጠበቀው ሰው የቀዳዳውን ጥርስ ይበላዋል፤ አላልቶ የተወው ደግሞ ዘይቱን በየመንገዱ ያንጠባጥባል። ይህ ብስጭት ግን ያስተምራል። አናጢ ከእንጨቱ ቋጠሮ፣ ገጣሚ አልመጣ ካለው ቃል ጋር የሚገጥሙት ትግል የቅርብ ዘመዱ ነው። ዝገት ፈቃድ የለውም፤ ሰውን ሊያዋርድ አስቦ አይዝግም። ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ፣ አንድ ሌሊት አሳድሮ በማግስቱ የተመለሰ ሰው ብሎኑ እሺ ሲለው የሚሰማውን ደስታ የቀመሰ ያውቀዋል።

ሁለተኛውን ያለመታሰብ ብዬዋለሁ። ይህን ለማየት የቫልቭ ክፍተት ማስተካከልን የመሰለ ምሳሌ አላገኘሁም። በሞተሩ ራስ ውስጥ አየርና ነዳጅ የሚያስገቡ፣ ጭስ የሚያስወጡ ቫልቮች አሉ። እነርሱን የሚገፋው ካምሻፍት፣ ቫልቩ በተዘጋ ጊዜ ጥቂት ክፍተት ሊተውለት ይገባል፤ ክፍተቱ የሚሊ ሜትር አንድ ወይም ሁለት አሥረኛ ያህል ነው። ሞተሩ በሠራ መጠን ቫልቩ መቀመጫውን እየበላ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ ክፍተቱ ቀስ በቀስ ይጠባል። ጨርሶ የጠፋ እንደሆነ ቫልቩ በደንብ መዝጋት ያቅተዋል፤ ትኩሱ ጋዝ በስንጥቁ እያመለጠ ጠርዙን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ክፍተቱን በየጊዜው መለካት የግድ ነው።

በቀድሞዎቹ፣ ዛሬም በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ይህ ሥራ በአንድ ብሎንና በአንድ ዳዶ ይፈጸማል። ዳዶውን አላልቶ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ የብረት መለኪያ አስገብቶ፣ ብሎኑን ጥቂት አዙሮ መልሶ ማጥበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ለገበያ የቀረበው የሆንዳ ሱፐር ከብ የዚህ ወገን ነው፤ ሁለት ትንንሽ ክዳኖች ሲነሡ ማስተካከያዎቹ ፊት ለፊት ይታያሉ። የዚህ ሞተር ብስክሌት ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2017 የምርት ቁጥሩ 100 ሚሊዮን ደርሷል። ይህን ያህል ለመስፋፋቱ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ከየመንደሩ የሚገኝ ማንኛውም እጀ ብልህ ወጣት ሊከፍተው መቻሉ ግን ከምክንያቶቹ የመጨረሻው አይመስለኝም።

በዛሬዎቹ ፈጣን ሞተሮች ላይ ብሎኑና ዳዶው የሉም። በእነርሱ ፈንታ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ክብ የብረት ዝርግ ከቫልቩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ክፍተቱ ከልኩ ወጥቶ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ ካምሻፍቶቹ መውጣት አለባቸው፤ ዝርጓ ተነሥታ በማይክሮሜትር ትለካለች፤ በወረቀት ላይ ተደምሮና ተቀንሶ በሚሊ ሜትር አምስት መቶኛ የምትወፍር ወይም የምትሳሳ ሌላ ዝርግ ትፈለጋለች። ያቺ ዝርግ በከተማው ካልተገኘች ሞተሩ ሆዱን እንደከፈተ ይጠብቃል። ካምሻፍቶቹ ሲመለሱ በጥቂት ጥርስ ከተዛነፉ ደግሞ ቫልቭና ፒስተን ተጋጭተው ሞተሩን ሊሰብሩት ይችላሉ።

መሐንዲሱ ይህን ያደረገው በክፋት አይደለም። በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ሞተር በቫልቮቹ ዙሪያ ቀላል ዕቃ ይፈልጋል። ዝርጓም ከብሎኑ ይልቅ ልኳን ጠብቃ ትቆያለችና በአንዳንዶቹ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ምርመራው የሚጠየቀው ከ40,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ነው። ይህ በጎ ነገር ነው፤ ሆኖም በጎነቱ አንድ ጣጣ አስከትሏል። እጅ የሚማረው በመደጋገም ነው። በየሦስት ወሩ የሚሠራ ሥራ ልማድ ይሆናል፤ በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ የሚሠራው ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያ ፈተና ሆኖ ይቀራል። የቴአትር ሰዎች ይህን አሳምረን እናውቀዋለን፤ በየሳምንቱ የሚታይ ተውኔት በተዋናዩ አካል ውስጥ ይኖራል፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚታየው ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይጠናል።

የንድፉ ባለቤት ስለ ፍጥነት፣ ስለ ክብደት፣ ስለ መልክና ስለ ፋብሪካው የመገጣጠሚያ ሰዓት አስቧል። በግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስለሚጠግነው ሰው ግን አላሰበም። ያ ሰው አልተጠላም፤ ከቁጥር አልገባም እንጂ። በንድፍ ወረቀት ላይ ባትሪው የት እንደሚቀመጥ ሲወሰን ማን ሰው እንደሚባልም በዚያው ይወሰናል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሦስተኛው ክልከላ ነው። በአንዳንድ ሞተር ብስክሌቶች ላይ የጥገና ጊዜ መድረሱን የሚያስታውሰው መብራት፣ ባለቤቱ ዘይቱንና ፊልትሮውን በትክክል ቢለውጥም አይጠፋም፤ የሚያጠፋው በወኪሉ ጋራዥ የሚገኝ መሣሪያ ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ብዙ ፋብሪካዎች በየሁለት ዓመቱ እንዲለወጥ ያዛሉ። ይሁንና ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል የፍሬን ሥርዓት ካላቸው አንዳንዶቹ ውስጥ የገባን አየር ሙሉ በሙሉ ለማስወጣት ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚነጋገር መመርመሪያ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ እንቢ ያለው ዝገት አይደለም፤ የተረሳ ሰው ጉዳይም አይደለም። የሌላ ሰው ፈቃድ በመካከል ገብቷል። መብራቱ ባለቤቱን «ግዴታህን ተወጣ» ይለዋል፤ ግዴታውን ሲወጣ ግን ያው መብራት አልቀበልህም ይለዋል።

የግብረገቡ ጥያቄ የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው። ፍሬኑ ባይዝ የሚወድቀው ባለቤቱ ነው። እግረኛ ቢጎዳ ሕግ የሚጠይቀው፣ ሕሊናም ሌሊት የሚቀሰቅሰው እርሱን ነው። ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ በእርሱ ላይ ተትቶ፣ ኃላፊነቱን የሚወጣበት ዕውቀትና መግቢያ በር ግን በሌላ እጅ ተይዟል። ሥልጣን የሌለው ኃላፊነት በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ በየመሥሪያ ቤቱ ለሚሠሩ የዚህ መጽሔት አንባብያን ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። መጀመሪያ ይቆጣል፤ ቀጥሎ ይለምናል፤ በመጨረሻ ግድ የለሽ ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ቁጣው አይደለም፣ ሦስተኛው ደረጃ ነው። መብራቱን ማየት የተወ ሰው ካቴናው መላላቱን፣ ጎማው መላጣ መሆኑንም ማየት ይተዋል።

አሜሪካዊው ደራሲ ሮበርት ፐርሲግ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው፣ ዜንና የሞተር ብስክሌት ጥገና ጥበብ ሊባል በሚችለው መጽሐፉ ውስጥ፣ ውድ የጀርመን ሞተር ብስክሌት ያለው አንድ ወዳጁን ያነሣል። የወዳጁ መሪ ላልቶ ሲያስቸግር ተራኪው ከቢራ ቆርቆሮ ቁራጭ ተቆርጦ ቢጠቀጠቅበት እንደሚጠብቅ ይነግረዋል፤ ወዳጁ ግን በክቡር ዕቃው ላይ የቢራ ቆርቆሮ መታሰቡ ራሱ ያስቀይመዋል። በዚያ ዘመን ጥያቄው ባለቤቱ መማር ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም የሚል ነበር። ወዳጅየው በሩ ክፍት ሆኖለት በፈቃዱ አልገባም። ዛሬ መግባት የሚፈልገውም ከደጃፉ ላይ ሲቆም እናያለን፤ ስለዚህ የፐርሲግን ወቀሳ እንዳለ አንሥተን በዛሬው ባለቤት ላይ ብናወርደው ግፍ ይሆናል።

እውነቱን ለመናገር ግን አሮጌው ሁሉ ደግ፣ አዲሱ ሁሉ ክፉ ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ካርቡራቶር ያለው ሞተር ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ካለችው ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ቆላው ሸዋ ሮቢት ሲወርድ አየሩ ይለወጥበታል፤ ለደጋ የተስተካከለው የነዳጅ መጠን ለቆላ ያንሰዋል። አዲስ አበባ ላይ እንኳ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ የሚረጨው አዲሱ ሞተር ይህን ራሱ ለክቶ ራሱ ያስተካክላል። ጭሱም አነስተኛ ነው። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ፍሬን በእርጥብ አስፋልት ላይ የስንቱን ሕይወት እንዳተረፈ ማንም አይክደውም። እነዚህን አውጥተን እንጣል የሚል ካለ ከእኔ ጋር አይደለም።

«ታዲያ ለባለሙያ ተወው፤ ሰው ራሱን በራሱ ቀዶ ጥገና አያደርግም» የሚል ሌላ ክርክርም ይሰማል። ሐኪም ዘንድ የምንሄደው ግን አካላችንን የሠራው እንዳንከፍተው ቆልፎት ቁልፉን ለአንድ ሐኪም ብቻ ስለሰጠው አይደለም። ደግሞም ባለሙያው ቅርብ በሆነበት አገር ሥራውን ለእርሱ መተው ምርጫ ነው። የወኪሉ ጋራዥ የአንድ ቀን መንገድ በሆነበት ወረዳ ግን ለባለሙያ መተው ማለት ማዘግየት ማለት ነው። በየገጠር ከተማው በአንድ ካቻቢቴና በአንድ ፒንሳ ስንቱን ያዳነ መካኒክም ባለሙያ ነው፤ ከእርሱ የተሰወረው የመመርመሪያው ቋንቋ ነው።

ከልካዩ ሰው የሆነበትን ነገር ሰው ሊከፍተው እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ደንብ ቁጥር 168 ከፍተኛ ጉልበት ያላቸው ሞተር ብስክሌቶች ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን እንዲኖራቸው ሲያስገድድ፣ በዚያው ደንብ ውስጥ አምራቾች የጥገና መረጃቸውን ከወኪሎቻቸው ውጭ ላሉ ጋራዦችም እንዲሰጡ ግዴታ ጥሎባቸዋል። ደኅንነትና ክፍት በር የማይስማሙ ጠላቶች ናቸው ለሚሉ ይህ በቂ መልስ ነው። ያለመታሰቡን ግን ደንቡ አላቃናውም፤ መጽሐፉን አስከፈተ እንጂ ካንዴላውን ከሣጥኑ ሥር አላወጣውም።

ለዚህ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል፤ መንገዱም ገዢው በሚጠይቀው ጥያቄ በኩል የሚያልፍ ይመስለኛል። መሥሪያ ቤቶች ለግብርና ባለሙያዎችና ለጤና ሠራተኞች ሞተር ብስክሌት ሲገዙ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ነዳጅ ፍጆታው፣ ስለ ዋጋውና ስለ ዋስትናው ይጠይቃሉ። አንድ ረድፍ ቢጨመርስ? ሻጩ ያቀረበው ሞተር ብስክሌት በገዢው ኮሚቴ ፊት ይቁም። ከመቀመጫው ሥር ባለው የመፍቻ ከረጢት ብቻ ዘይቱ ይለወጥ፤ ካንዴላው ይውጣ፤ ካቴናው ይጥበቅ፤ የቫልቮቹ ክፍተት በአንድ የብረት መለኪያ ይታይ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ዘይትም ካንዴላም ቫልቭም የለውምና የባትሪው ሣጥን ይከፈት፤ የማይከፈት ከሆነም ማን፣ የትና በስንት ቀን እንደሚከፍተው በጽሑፍ ይሰጥ። ሥራውን የሻጩ መሐንዲስ አይሥራው፤ ሞተር ብስክሌቱ ከሚላክበት ወረዳ አንድ መካኒክ ተጠርቶ ይሥራው። ኮሚቴውም ሰዓት ይያዝ።