በሰው ፉርን የተማርነው ሙያ የማን ነው?

ዛሬ የማነሳው ጥያቄ እዚሁ ኹበር፣ አል ራዋቢ ሰፈር ባለን ሀበሾች መሀል ከተነሳ ክርክር የመጣ ነው። ከመሀላችን አንዷ ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ ገባችና ኬክ እየጋገረች ለልደትና ለሰርግ መሸጥ ጀመረች። ወሬው በስልክ ሲደርሰን ብዙዎቻችን እልል አልን። አንዷ ግን «የመዳሟን ሙያ ይዛ ሄዳ ነው እንጂ እሷማ ሽሮ ከመሥራት ሌላ ምን ታውቅ ነበር» አለች። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «ሙያ ደግሞ ምን ይሰረቃል? እኛ እኮ ሁላችንም ከእናታችን ቤት ባለሙያ ሆነን ነው የመጣነው» አለቻት። በዚህ ተካረሩ። እኔ ሁለቱንም ሰማኋቸው፤ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን የያዙ መሰለኝ።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። ባለሙያ የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ቦታ ይገባል። ሰፈር ውስጥ «እሷ እኮ ባለሙያ ናት» ከተባለ ወጧ የሚጥም፣ እንጀራዋ ዓይን ያለው፣ ዳቦዋ ኩፍ የሚል ሴት ማለት ነው። በሬዲዮ «ባለሙያ አነጋግረናል» ሲባል ደግሞ ተምሮ ደሞዝ የሚበላበት ሰው ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ክፍያው ግን ለየቅል። የመጀመሪያዋ የምትከፈለው ምስጋና ነው፣ እሱም ከተገኘ። እናቷ ያስተማረቻት ስለሆነ እንደ ተፈጥሮ ይቆጠርባታል፤ ሊጥ ማቡካት ከሴትነቷ ጋር አብሮ የተወለደ ይመስል። ያው ሴትዮ ዳቦዋን ጋግራ ባሏ በእንግዳ ፊት «ቤቴ ዳቦ አይጠፋም» ሲል ማንም የማን ዳቦ ብሎ አይጠይቅም። ሙያው ማንም ሳይሰርቀው ገና ቤቷ እያለች የሷ መሆኑ ቀርቷል።

ይህን የምለው በመዳሞቻችን ላይ ብቻ ጣት እንዳንቀስር ነው። እዚህ እንግዳ መጥቶ «ይህን ቡስቡሳ ማን ሠራው?» ሲል መዳም «እኔ» ብትል ያናድዳል፣ እውነት ነው። ግን አዲስ ነገር አይደለም። እኔ ይህን እንደ ሌብነት አላየውም። ግብዣው የሷ ነው፣ እንግዶቹም የሷ ናቸው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፦ የገዛ እጄን ሥራ እኔም ራሴ «የሷ ነው» ብዬ ማሰብ ከጀመርኩ ነው ችግሩ። ያቺ እህታችን «የመዳሟን ሙያ ይዛ ሄዳ» ስትል ያሰበችው ይህንኑ ነው።

እስቲ ነገሩን በማአሙል እንየው። ለዒድ ያልሠራችው የለችም። ስሚዱ በሰምን ታሽቶ ያድራል፣ ተምሩ በሄል ይለወሳል፣ በእንጨት ቅርጽ ማውጫ ተመትቶ ይወጣል። በዚህ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ዕቃው ነው፤ ስሚዱ፣ ሰምኑ፣ ፉርኑ። ይህ የባለቤቷ ነው፣ ማንም አይከራከርም። ሁለተኛው አሠራሩ ነው፤ ምን ያህል ሰምን፣ ምን ያህል ማእ ወርድ። ሦስተኛው እጅ ነው፤ ሊጡ ስንት ሲታሽ እንደሚበቃው መዳፌ የሚያውቀው ነገር።

ሦስተኛውን ልመልስ ብል እንኳ መመለስ አልችልም። ኮንትራቴን ስጨርስ ቁልፍ አስረክባለሁ፣ ዩኒፎርም አስረክባለሁ፣ ክፍሉን አጽድቼ እወጣለሁ። እጄን ግን አስረክቤ አልሄድም። ደሞዙ የተከፈለው ለሠራሁት ሥራ ነው፤ ዳቦው ተበልቷል፣ ሂሳቡ ተዘግቷል። ሥራው በኔ ላይ ያስቀረው ነገር ከሂሳቡ ውስጥ አልነበረም። የወገብ ሕመምም እኮ ያስቀራል፤ እሱን «የቤቱ ነው፣ መልሺ» የሚል አላየሁም። ሕመሙ የኔ ከሆነ ሙያውም የኔ ነው።

የከበደኝ ሁለተኛው ነው፣ አሠራሩ። የኔ መዳም ማአሙሉን ያስተማረቻት ሻሚ ጎረቤቷ ናት፤ ራሷ ነች የነገረችኝ። ጎረቤቷ ከእናቷ፣ እናቷ ከእናቷ እያለ ይሄዳል። ተምሩ የሚመጣው ከአል አህሳ ነው። አል አህሳ በ2018 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ የተምር አገር ነው፤ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ የተምር ዛፍ አለበት ይባላል። እኛ ኬክ ላይ የምንነሰንሰው ቤኪንግ ፓውደር እንኳ ባለቤት አለው ከተባለ አልፍሬድ በርድ የሚባል እንግሊዛዊ መድኃኒት ቀማሚ ነው፤ በ1843 እ.ኤ.አ. የሠራው ሚስቱ እርሾ ስለማይስማማት ነው። (ሚስቱን ባሰብኳት ቁጥር ደስ ይለኛል። ለሷ ተብሎ ተሠርቶ ይኸው እኛ ዘንድ ደረሰ።) እንግዲህ በዚህ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ ሙያው እኔ ጋ ሲደርስ ብቻ ነው ስርቆት የሚሆነው? ሻሚዋ ለመዳም ስትሰጥ ስጦታ፣ መዳም ለኔ ስታሳይ ሥራ፣ እኔ ደሴ ስወስደው ሌብነት? ይህ አይገጥምም።

ግን አንድ ነገር ለይቼ አስቀምጣለሁ። አማና የሚባል ነገር አለ። ሰው «ይህ የቤታችን ምስጢር ነው፣ ለማንም እንዳትነግሪ» ብሎ አምኖ ከሰጠኝ፣ ያ ከሙያ ይለያል። እሱን ቃል ተቀብዬዋለሁ። ክብሩ የመዳም ስለሆነች አይደለም፤ ቃሉ የኔ ስለሆነ ነው። ማንም ሳይናገረኝ እያየሁ የተማርኩት ግን በአማና የተሰጠ አይደለም። እኔ ቆሜ ዓይኔን ጨፍኜ መሥራት አልችልም።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ እህታችን ልምጣ፣ «ከእናታችን ቤት ባለሙያ ሆነን ነው የመጣነው» ወዳለችው። አባባሏ ልብ ያሞቃል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም በሰኔ 2011 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ስምምነት ቁጥር 189ን ሲያጸድቅ የቤት ውስጥ ሥራ እንደ ማንኛውም ሥራ ሥራ ነው ብሏል። የኛም አገር አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሥራ ወደ ውጭ የምንሄድ የብቃት ማረጋገጫ እንድንይዝ ሲል፣ ቢያንስ በወረቀት ሙያ ብሎታል። ይሁንና ዳቦ መጋገር ማወቅና ዳቦ ጋጋሪ መሆን አንድ አይደሉም። ቤት ውስጥ ዳቦው ዛሬ ቢያምር፣ ነገ ቢደርቅ «ዛሬስ ምን ነካው» ተብሎ ይበላል። ገንዘብ የከፈለ ሰው ግን እንደዚያ አይልም። ባለፈው ሳምንት የበላውን ያንኑ ነው የሚፈልገው። ሙያው ያለው አንዴ አሳምሮ መሥራት ላይ ሳይሆን አርባ ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ መሥራት ላይ ነው።

ለዚህ ሚዛን ያስፈልጋል። አንድ ኩባያ ዱቄት፣ ጠቅጥቀሽ ከሞላሽው 150 ግራም ይደርሳል፣ ነፋ ነፋ አድርገሽ ከሞላሽው 120 ነው። አራት ኩባያ ላይ ልዩነቱ 120 ግራም፣ ማለትም አንድ ኩባያ ሙሉ ዱቄት ሆነ። ጋጋሪዎች ዱቄቱን ሁልጊዜ መቶ ብለው ነው የሚያስቡት። ውሃ ከመቶ 60 ወይም 65፣ ጨው 2። ለ1 ኪሎ ዱቄት 20 ግራም ጨው፣ ለ20 ኪሎ 400 ግራም። አስረኛ ክፍል ላይ ፐርሰንት ሲያስተምሩን ለምን እንደሚጠቅም የነገረን አልነበረም፤ ለዳቦ ነው ቢሉን ኖሮ ክፍሉ በሙሉ ይሰማ ነበር።

ደግሞ ሌላ አለ። እዚህ የተማርነው ኬክ የባህር ዳር ኬክ ነው። ኹበር ባህሩ አፍንጫዋ ሥር ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ሊጡ ሳታስቢው ኩፍ ይላል፣ ብስኩቱ ከፉርን ወጥቶ ክፍት ከተቀመጠ ይለሰልሳል። ደሴ ከባህር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ አዲስ አበባም ከ2,300 በላይ ነች። እዚያ አየሩ ስስ ነው፣ ውሃው በመቶ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ኬኩ ውስጡ ሳይበስል ቶሎ ያብጥና መሀሉ ይሰምጣል፣ ቶሎም ይደርቃል። ቤኪንግ ፓውደሩን ሩብ ያህል መቀነስ፣ ስኳሩን ትንሽ ቀነስ፣ ፈሳሹን ጨመር፣ የፉርኑን ሙቀት አስር ዲግሪ ያህል ከፍ ማድረግ ይጠይቃል። እዚህ በደብተር የገለበጥሽውን ልክ እንዳለ ወስደሽ ብትሠሪው አይወጣልሽም። ይኸው ለመጀመሪያዋ እህታችን ሌላ መልስ፦ «የመዳሟን ሙያ» ብትወስድ ኖሮ ኬኳ ይሰምጥባት ነበር። ከቆመላት ራሷ እንደገና ተምራው ነው።

እዚህ ላይ አያቴ ትዝ ትለኛለች። ሚዛን አይታ አታውቅም። ግን ብርድ ሲሆን ሊጡን በጋቢ ጠቅልላ ምድጃው አጠገብ ታሳድረዋለች፣ ሙቀት ሲሆን ሌሊት ተነስታ ታየዋለች። ድፎዋን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ከላይም ከታችም እሳት ስታደርግ፣ የእሳቱን ልክ በፊቷ ነበር የምታውቀው። እርሾው ካልሠራ «ሞቷል» ትል ነበር። ሉዊ ፓስተር የሚባለው ፈረንሳዊ ሳይንቲስት በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. እርሾ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን በሙከራ እንዳሳየ ሳነብ በጣም ሳቅሁ፤ አያቴ ይህንን ሳትሰማ ነው እርሾዋ ሲሞት የምታዝነው። እሷን ኹበር ብታመጧት ሦስት ቀን ሊጡን አይታ አየሩን ትለምደው ነበር ብዬ አምናለሁ። ሚዛን ብቻ የያዘ ሰው ግን አየር ሲቀየርበት ይቸገራል። ስለዚህ ከናታችን ቤት የመጣነው ባዶ እጃችንን አይደለም። የመጣነው ማየትን ይዘን ነው። እዚህ ያገኘነው መለካትን ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ዳቦ ጋጋሪ የሚወጣው፣ እና ያ ማገናኘት የማንም መዳም ሥራ አይደለም።

«አሁን በዚህ ዕድሜ አዲስ ሙያ?» የምትሉም አላችሁ። ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖን እንደ አሮጊት የምናወራው ነገር ይገርመኛል። አሥራ ስምንት ላይ ከቤት ስለወጣን ነው መሰለኝ፣ ሁለት ዕድሜ የኖርን ይመስለናል። ሌላው አገር የቢሮ ሥራውን ትቶ በአርባ ዓመቱ ዳቦ ጋጋሪ የሚሆን አለ፤ ሙያ ቀየረ ይባልለታል። እኛ ግን ብዙም አልቀየርንም። ከሊጥ ወደ ሊጥ ነው። የተቀየረው ሊጡን ለማን እንደምናቦካ ነው።

ነገር ግን ሁላችሁም ኬክ ቤት ክፈቱ እያልኩ አይደለም። ፉርን ውድ ነው፣ መብራት ይጠፋል፣ በአንድ ቀበሌ አምስት ኬክ ቤት ቢከፈት አራቱ ይዘጋል። እዚህ እያለንም ኮንትራታችን ለአንድ ቤት ስለሆነ በጎን ጋግሮ መሸጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ ኢቃማን የሚያህል ነገር ለአንድ ኬክ አይወራረድም። ማድረግ የሚቻለው መጻፍ ነው። በግራም ጻፉ፣ ቀኑንና የአየሩን ሁኔታም ጻፉ። አገር ስትገቡ ሲኦሲ የምንለውን የብቃት ምዘና ለመውሰድ ሙያውን የት ተማርሽው አይባልም፤ ከትምህርት ቤትም ይሁን ከሥራ፣ መሥራትሽን ካሳየሽ ይበቃል። በሰው ፉርን የተማርሽው ሙያ በስምሽ የሚጻፍበት አንድ መንገድ ይሄ ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፣ እሱን ገና አልወሰንኩም። «ሙያ በልብ ነው» የሚለውን ተረት እየጠቀስን እርስ በርስ የምንደባበቅ አለን። አንዷ ክሬሙን እንዴት እንደምታቆመው ብትጠየቅ «እንዲሁ ነው» ትላለች። ይህ አይገባኝም፤ ለኔ ሲደርስ የሁሉም ነው ብዬ የተከራከርኩለት ነገር ለሌላዋ ሲደርስ የኔ ብቻ ነው ልል አልችልም። በቅርቡ ከአገር የመጣች አንዲት ልጅ ከኛ ሕንጻ ጎን ካለው ቤት ገብታለች፤ ዒድ ሳይደርስ ማአሙል አስተምሪኝ ብላ በስልክ ትጠይቀኛለች። ስሚዱ በሰምን እንዴት እንደሚያድር ነግሬአታለሁ፣ ሊጡን በቪዲዮ አሳይቻታለሁ። የተምሩን ቅመም ግን መዳም «ይህ የቤታችን ነው» ብላ የነገረችኝ ስለሆነ አልነገርኳትም። በሄል ብቻ ሥሪው አልኳት። ልጅቷ ሠርታ ፎቶ ላከችልኝ፤ ሄሉን በዝቶባት ቀለሙ ጠቆር ብሏል፣ ቅርጹ ግን ከኔ ይሻላል።