ትጋትና ሽንቁር

በጣና ሐይቅ ላይ መንገደኛ በሚያመላልስ የሞተር ጀልባ ሆድ ውስጥ ውኃ ሲጠራቀም፣ ቀድቶ ማፍሰስ የመጀመሪያው ግዴታ ነው። ይሁን እንጂ ሲቀዳ የሚውል ነጂ ትጉህ ነውን? ውኃ የሚታየው በገባበት ሳይሆን በወረደበት ዝቅተኛ ስፍራ ነውና ዓይን ይታለላል። በመሆኑም ጠንቃቃ ባለሙያ አስቀድሞ ጀልባውን ያደርቃል፤ ከዚያም ይመረምራል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ከገባ፣ በይበልጥ የሚጠረጠረው የአካሉ መጋጠሚያ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ከገባ ደግሞ የማቀዝቀዣው ቱቦ ወይም ዘንጉ የሚያልፍበት ማሸጊያ ነው። ይህም ካልበቃ ጀልባውን ወደ የብስ አውጥቶ ከውስጥ ጥቂት ውኃ ያፈስበታል፤ ከውጭ የሚንጠባጠበው ስፍራ ይመሰክራል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል። እንግዲህ ባልዲ ቆጥሮ ትጉህ መባል ይቻል ይሆናል፤ ሽንቁሩን ሳይፈልጉ ግን የሰው ሕይወት ታማኝ ጠባቂ መባል አይቻልም።