ሳትታወቅ የተፈረደባት ሸረሪት

ግድግዳ ላይ የማናውቃት ሸረሪት ስትታየን መጀመሪያ ከአፋችን የሚወጣው «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» የሚል ነው። ሲሰሙት የማወቅ ጥያቄ ይመስላል። መልሱ ሳይመጣ ግን ጫማው ከእግር ወልቆ እጅ ላይ ገብቷል። ብዙ ጊዜ «ምንድን ናት?» ስንል ለማለት የፈለግነው «ትጎዳኛለች ወይ?» ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ እሷ ነው፤ ሁለተኛው ስለ እኛ።

በፍርሃቱ ማንም ሊወቀስ አይገባም። ጨቅላ ልጅ የተኛበት ክፍል ውስጥ ያለች እናት የሥነ ሕይወት ተመራማሪ እንድትሆን አይጠበቅባትም። የሸረሪት ነፍስ ከሰው ነፍስ እኩል ናት ብዬ ልሟገትም አልተነሣሁም። ጥያቄዬ ከዚያ ያነሰ ነው፦ ለማናውቀው ነገር ስም ለመስጠት፣ ስሙንም ይዘን ለመፍረድ፣ ምን ያህል ማየት አለብን?

እስካሁን በሳይንስ ስም የተሰጣቸው የሸረሪት ዝርያዎች ከ50,000 በላይ ናቸው። ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉም መርዝ አላቸው። ይህን የሰማ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን መርዙ የሚያገለግለው በዋናነት ዝንብን፣ ትንኝንና መሰሎቻቸውን ለማደን ነው፤ ሰውን በእርግጥ የሚጎዱት ዝርያዎች በጣም ጥቂት ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ምልክት አላቸው። «ብላክ ዊዶ» የምትባለው ጥቁር ሸረሪት ሆዷ ሥር የአሸዋ ሰዓት የመሰለ ቀይ ምልክት አላት። አሜሪካ ውስጥ የምትፈራው «ብራውን ሪክሉስ» ደግሞ ብዙዎቹ ሸረሪቶች ስምንት ዓይን ሲኖራቸው እሷ ያላት ስድስት ብቻ ነው፤ እነሱም ሁለት ሁለት እየሆኑ በሦስት ቦታ የተቀመጡ ናቸው። ዝም ብሎ «ቡናማ ናት» ማለት ምንም አይነግረንም። ቡናማ ሸረሪት እኮ ስፍር ቁጥር የለውም።

የዚህችን ሸረሪት ነገር ትንሽ ልግፋበት። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በካንሳስ ግዛት ስላለ አንድ መኖሪያ ቤት ይናገራል። በስድስት ወር ውስጥ ከዚያ ቤት የተሰበሰቡት ብራውን ሪክሉሶች 2,055 ነበሩ። ቤተሰቡ ለዓመታት አብሯቸው ኖሯል፤ በመርዛቸው የተጎዳ ግን አንድም ሰው አልነበረም። በአንጻሩ ሸረሪቷ በተፈጥሮ በማትኖርባቸው ግዛቶች ሳይቀር ቁስል የወጣባቸው ብዙ ሰዎች «ብራውን ሪክሉስ ነክሶህ ነው» ይባላሉ። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባቸው ዋሽንግተን ዲሲና ሲያትልም ከመኖሪያ ክልሏ ውጭ ናቸው። ታዲያ ያላየናት፣ በሰፈሩም የሌለች ሸረሪት እንዴት ተከሳሽ ሆነች?

የተሳሳተው ክስ የሚጎዳው ሸረሪቷን ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ሰው «ምን አገባኝ» ብሎ ያልፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 መጸው ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የሰባት ወር ሕፃን ክንዱ ላይ ቁስል ወጥቶበት ሆስፒታል ገባ። መጀመሪያ የታሰበው የሸረሪት ንክሻ ነው። ሕፃኑ በጠና ታመመ። ኋላ ሲመረመር የተገኘው ግን አባ ሰንጋ ነበር፤ ያኔ በደብዳቤ እየተላከ አሜሪካን ያሸበረው ማለት ነው። ሕፃኑ ተርፏል። ሆኖም ሸረሪቷ ተጠርጣሪ ሆና በቆየችባቸው ቀናት እውነተኛው ጠላት ስሙ አልተጠራም ነበር።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። እኛም ዘንድ ቆዳ ላይ ድንገት ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ሲወጣ «ሸረሪት ሸንታብኝ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። የሸረሪት ሽንት የሰው ቆዳ አያቆስልም። ሽፍታው በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት ተዘርግቶ የሚያቃጥልና የሚወጋ ከሆነ ብዙ ጊዜ አልማዝ ባለጭራ የምንለው በሽታ ነው። መነሻው ከውጭ የመጣ ነፍሳት አይደለም፤ በልጅነት ጉድፍ ያስያዘን ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ኖሮ ከዓመታት በኋላ ሲነሣ ነው። መድኃኒቱ በይበልጥ የሚጠቅመው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። በሽታው ወጣት ሰው ላይ ሲታይ ደግሞ የሰውነት የመከላከል አቅም መዳከሙን ሊጠቁም ስለሚችል የኤችአይቪ ምርመራ ይመከራል። እንግዲህ በዚያ ሦስት ቀን ቤቱን እያራገፈ ሸረሪት ሲያድን የሰነበተ ሰው ምን እንዳጣ አስቡት።

ሌላም አለ። በምሥራቅ አፍሪካ «ናይሮቢ ፍላይ» የምትባል ጥቁርና ብርቱካናማ ቀለም ያላት ትንሽ ጥንዚዛ ትኖራለች። አትነክስም፣ አትናደፍም። ቆዳችን ላይ ስናደቃት ግን ከሰውነቷ የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳውን ያቃጥላል። እፍ ብለን ብናባርራት ኖሮ አንጎዳም ነበር። ጉዳቱን የሚያመጣው የራሳችን ጥፊ ነው።

ከእነዚህ ነገሮች የምረዳው አንድ ነገር ነው። ስም ጥያቄን ይዘጋል። «ሸረሪት ናት» ካልን በኋላ ሌላ ምክንያት መፈለግ እናቆማለን፤ ወንጀለኛው ስለተገኘ መዝገቡ ይዘጋል። ስለዚህ ሳያዩ ስም መስጠት ስንፍና ብቻ አይደለም፣ በደል ነው። በደሉ የሚያርፈው ደግሞ በተከሳሹ ላይ ብቻ ሳይሆን ትክክለኛውን መልስ ይጠብቅ በነበረው በታመመው ሰው ላይ ጭምር ነው።

«እሺ፣ ግን መርዛማ ብትሆንስ? እስክመረምር ልጄን ብትነክሰውስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁለቱ ስሕተቶች ዋጋቸው እኩል አይደለም፤ ንጹሕ ሸረሪት መግደልና አደገኛዋን መተው በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ሆኖም በመግደልና በመተው መካከል ሌላ መንገድ አለ። አንድ ብርጭቆ ይደፋባታል፣ ከሥር ወረቀት ይገባል፣ ያን ጊዜ ልጁም ደኅና ነው፣ እሷም አታመልጥም። ከዚያ በተረጋጋ ዓይን ማየት ይቻላል። እግሯ ስምንት ነው? ስድስት ከሆነ መጀመሪያውንም ሸረሪት አይደለችም። ፊት ለፊት ሁለት ትልልቅ ዓይኖች አሏት? እንግዲያው ዘላይ ሸረሪት ሳትሆን አትቀርም። ድሯ ክብ ነው ወይስ ጥግ ላይ የተዝረከረከ? የት ተገኘች? ፎቶ አንሥቶ ለሚያውቅ ሰው ማሳየትም ይቻላል። በድንጋጤ ተገድላ ከሆነም ሬሳዋን አለመጣል ነው፤ የተነከሰ ሰው ካለ ሐኪሙ ከግምት ይልቅ እሷን ቢያይ ይሻላል።

የሚያውቀው ሰውም ቢሆን «ከዚህ ቤተሰብ ናት፣ ከዚያ በላይ ከፎቶ መናገር አልችልም» ሊል ይችላል። ብዙ ዝርያዎች የሚለዩት በማይክሮስኮፕ፣ ያውም የመራቢያ አካላቸው ታይቶ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሸረሪት ሲያጠና የኖረ ሰው «አላውቅም» ለማለት ካላፈረ እኛ በአንድ ጨረፍታ እርግጠኛ የምንሆነው በምን አቅማችን ነው?

በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ፣ በኬንያና በኡጋንዳ፣ ኤቫርካ ኩሊሲቮራ የተባለች ትንሽ ዘላይ ሸረሪት አለች። ከሌላው አደን ሁሉ አስበልጣ የምትመርጠው ደም የጠጣች የወባ ትንኝን ነው። ሰው ቤት የምትገባውም ይህንኑ ፍለጋ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በጫማው ሲጨፈልቃት ልጆቹን የጠበቀ ይመስለዋል። በእርግጥ የምትጠቅም ሆና ባትገኝም ከመፍረድ በፊት መታየት ይገባታል፤ ጥቅሟ የሚታወቀውም ቢሆን ከታየች በኋላ ነው። «አላውቃትም» የሚለው ቃል ስለ እኔ ዕውቀት ይናገራል እንጂ ስለ እሷ ጥፋት ምንም አይናገርም። ብርጭቆው እስኪመጣ መታገሥ የሚከብደንም ይህን ስለምንረሳ ይመስለኛል።