በትእዛዝ ያበረ ድር

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ኃይለ ቃል ከአበው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ፣ በዕቁቡም በቅሬውም በሸንጎውም ያለ ተቃውሞ የሚጠቀስ ስለ ኾነ፣ እውነትነቱን በኑሮ ሚዛን ለመመርመር የሚቆም ሰው ብዙ አይደለም። የላይኛው ትርጓሜው ግልጽ ነው፤ ለብቻው በሕፃን ጣት የሚበጠሰው ክር ከብጤዎቹ ጋር ሲገመድ አራዊት ኹሉ የሚሸሹትን ኃያል ይገታል። ነገር ግን አበው ሳያፍታቱ ያለፏቸው ኹለት ጥያቄዎች አሉ፤ ይኸውም ድሩ የሚያብረው በገዛ ፈቃዱ ነው ወይስ በሌላ ትእዛዝ፣ አንበሳውስ እስኪታሰር ድረስ ቆሞ ይጠብቃልን የሚሉት ናቸው።

ለፊተኛው ጥያቄ ከቦሩ ሜዳ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ከደሴ በስተሰሜን ባለው በዚህ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ ሊቃውንትን በጉባኤ ሰብስበው ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ አከራከሩ፤ ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚለው ወገን ተረታ፣ አገሩ ኹሉ በአንዲት ተዋሕዶ ሃይማኖት እንዲጸና ታወጀ፣ የወሎም ሙስሊም ይጠመቅ ተባለ። የወሎው ገዢ መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ሲባሉ፣ ሼህ ጠልሃን የመሰሉት የእስልምና መምህራን ግን ዐዋጁን እንቢ ብለው ተነሡ። በዐዋጅ የታሰበው አንድነት እንዲህ በደም ሲፈተን፣ ማንም ያላዘዘው የወሎ ቅሬ፣ የለቅሶ መረዳጃው ማኅበር፣ ግን ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ ለቅሶ ላይ እያቆመ እስከ ዛሬ አለ፤ ሕጉም ቀላል ነው፤ በሰው ሐዘን ያልደረሰ ይቀጣል፣ በራሱም ሐዘን ደራሽ ያጣል።

በፈቃድ ያበረ ድር በትእዛዝ ካበረው እንደሚለይ የኢትዮጵያ ሠራተኞችም በራሳቸው ላይ አይተውታል። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም. ሲኾን፣ መንግሥትም በዚያው ዓመት የመደራጀትንና የኅብረት ድርድርን መብት የሚጠብቁትን 87ኛውንና 98ኛውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች ተቀበለ። ተሸሽጎ የቆየው የወሎ ረኀብ ከተገለጠ በኋላ፣ የቤንዚን ዋጋ ያስመረረው ባለ ታክሲና በመንግሥት የትምህርት ዘርፍ ጥናት የተቈጣው መምህር በየፊናቸው ሥራ ባቆሙበት ወር፣ ማኅበሩ ከየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ቀን በአገራችን የመጀመሪያውን አጠቃላይ አድማ መታ፤ ከጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ በኋላ የተሾመው የእንዳልካቸው መኰንን ካቢኔም ሳይወድ በግዱ ተደራደረ። በዚያች ሳምንት ተረቱ እውነት ኾነ።

ኋላ ግን ደርግ ይህን ማኅበር በ1968 ዓ.ም. አፍርሶ በ1969 ዓ.ም. የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበርን በምትኩ አቋቋመ። አባሉ በዛ፣ መዋቅሩም እስከ ታች ወረደ፤ ነገር ግን ድሩ የተፈተለው በአንበሳው እጅ ስለ ነበር፣ ያሰረው ሠራተኛውን እንጂ አንበሳውን አልነበረም።

ከባሕር ማዶ በድጋፍ የሚመጣውስ ድር? የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት በ1988 ዓ.ም. በታሰሩ ጊዜ፣ የዓለምን የመምህራን ማኅበራት ያቀፈው ኤዱኬሽን ኢንተርናሽናል አቤቱታውን ጄኔቫ ላለው የዓለም ሥራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴ አቀረበ፤ ኮሚቴውም ጉዳዩን ለዓመታት ሳይዘጋ መንግሥትን መልስ ጠየቀ። ይኹን እንጂ ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ አሰፋ ማሩ በ1989 ዓ.ም. በፖሊስ ጥይት ተገደሉ፤ ዶክተር ታዬ በ1994 ዓ.ም. ከወኅኒ ቢወጡም፣ የማኅበሩ ስምና ንብረት በ2000 ዓ.ም. በሰበር ችሎት ውሳኔ ለሌላ ማኅበር ተላለፈ። የሩቅ ወዳጅ የታሳሪው ስም እንዳይረሳ ማድረግ ችሏል፤ የፈረሰውን ቤት ማቆም ግን አልቻለም።

አንበሳው ቆሞ ይጠብቃልን የሚለው ኹለተኛው ጥያቄ የሚመለሰው ከቦሩ ሜዳ ደሴን አልፎ፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቍልቍል ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ነው። በዚያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አለ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። በጨርቅ መሸመኛ ማሽን ላይ ከተዘረጋው ድር ኹሉ አንዱ ሲበጠስ ማሽኑ ራሱ ይቆማል፤ ሠራተኛዋ የተበጠሰውን ፈልጋ፣ ጫፍና ጫፉን ቋጥራ እስክታስነሣው ድረስ አንዲት ክንድ ጨርቅ አይወጣም። ያችው ሠራተኛ ከሥራ ስትባረር ግን ፋብሪካው ሲሠራ ይውላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም፣ የግሉ ሠራተኛ የደመወዝ ወለል ሳይበጅለት ዓመታት አለፉ። የዛሬው ባለሀብት ደግሞ ቆሞ የሚጠብቅ አንበሳ አይደለም፤ ደመወዝ ጨምር ቢሉት ሥራውን ጠቅልሎ ጕልበት ወደሚረክስበት ሌላ አገር መሄድ ይችላል። ስለዚህ የኮምቦልቻዋ ልብስ ሰፊ ጕዳይ፣ በሌላው አገር ያንኑ ሸሚዝ ከምትሰፋውና ሸሚዙ በሚሸጥበት አገር ካለው ሠራተኛ ጕዳይ ተለይቶ አይታይም፤ አንዱ አድማ ሲመታ ሌላው የእርሱን ሥራ አልሠራም ካላለ፣ አንበሳው በክፍቱ በኩል ይወጣል።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው፤ አበው አልዋሹም፣ ግን ምስጋናው በፈቃዱ ላበረ ድር ብቻ ይገባል። የጄኔቫ አቤቱታና የባሕር ማዶ ማኅበራት ድጋፍ የሚጠቅመው በሥራው ቦታ የሚጨብጠው እጅ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ሠራተኛ እንደ ኾንህ፣ የዓለምን እርዳታ ከመጠበቅህ በፊት ማኅበርህ መሪዎቹን በነፃ ድምፅ የሚመርጥ መኾኑን መርምር፤ በጎንህ የምትሠራዋ ያለ አግባብ ስትባረርም ዝም አትበል።